አክስቴን ከማጀት ያስወጣንበት ሽኝት

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ያሳደገችኝም እሷ ናት። ባለፈው ጥር ጠቅልላ አሜሪካ ልጇ ዘንድ ሄደች። ሽኝቱን እዚሁ ሐዋሳ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ያዘጋጀነው እኔና ታናሽ እህቴ ነን። ከዚያ በፊት ሁለታችንም ከአሥር ሰው በላይ ጠርተን አናውቅም። በቅርቡ ዘመድ የምትሸኙ ካላችሁ፣ የተሳካልንንም ያበላሸነውንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያሰብነው ሆቴል ነበር። ሐይቅ ዳር ደስ የሚል ቦታ ሞልቷል። ዋጋም ጠይቀን ነበር። እቴቴ ስትሰማ፣ "ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር አስተናጋጅ ሊሸኘኝ ነው?" አለች። የሆቴሉ ነገር እዚያው ላይ አለቀ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እቴቴ የሰፈሩ ወጥ ቤት ናት። ታቦር ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን ሠርግ ቢሆን ክርስትና፣ ተዝካር ቢሆን ማኅበር፣ የእድሩን ትልቅ ብረት ድስት የምታማስለው እሷ ናት። የእሷን ድግስ ማን ይሥራው? እኛ እንሠራዋለን አልን። እሷም "እሺ" አለች። እቴቴ "እሺ" ስትል እሺ ማለቷ እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፣ ግን ተታለልኩ።

ቀኑን መምረጥ ከምግቡ በላይ ማሰብ ያለበት ነገር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሸኘው በዋዜማው ነው። የአጎቴ ልጅ ዱባይ ሲሄድ እኛም እንደዚያ አድርገን ነበር። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተጨፈረ። ጠዋት ሻንጣ የሚዘጋ ሰው ጠፋ። ልጁ ከነእንቅልፉ ተጎትቶ መኪና ውስጥ ገባ፣ የትምህርት ማስረጃው ቴሌቪዥን ሥር ቀረ። ከሻሸመኔ ነው የተመለስነው። ስለዚህ በዚህኛው ተምረናል። የእቴቴ በረራ ሐሙስ ማታ ከቦሌ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የምንወጣው ረቡዕ ጠዋት ስለሆነ ሽኝቱን ከዚያ በፊት ባለው እሁድ አደረግነው። ጥምቀት አልፏል፣ ጾም የለም፣ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ለሻንጣና ለእንቅልፍ ይተርፋሉ። አንድ ነገር ግን ረስተን ልንገባበት ነበር። የእድራችን የወር ስብሰባ እሁድ ነው። ግማሹ እንግዳችን ስብሰባ ሊቀመጥ ማለት ነው። ጸሐፊውን ደውለን ስንጠይቅ የእኛ እሁድ ነጻ ነው አሉን። እናንተም ጠይቁ።

የጻፍነው ዝርዝር አርባ አምስት ሰው ነበር። ለስልሳ አዘጋጀን። በሳህን ስንቆጥር ሰባ ገደማ በልቷል። የጠራኸው ሊቀር ይችላል፣ የሰማው ግን አይቀርም።

ወንበር፣ ሳህንና ድስት ከእድር ተዋስን። ድንኳንም ልንጠይቅ ስንል እቴቴ ተቆጣች። "ድንኳን እንዳትተክሉብኝ! ድንኳን ያየ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው የሚመጣብኝ።" እውነቷን ነው። በእኛ ሰፈር ድንገት ድንኳን ከተተከለ ማንም ሰው አሜሪካ የሚሄድ አለ ብሎ አያስብም። የአቮካዶው ዛፍ ሥር አንድ ሸራ ወጠርን፣ በቃ። ጥር ላይ ዝናብ አያሰጋም፣ የሚያስቸግረው ፀሐይ ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። እቴቴ ዘጠኝ ዓይነት ቆጥራ ነበር። እኛ አምስት ላይ ቆምን። ዶሮ ወጥ፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ጎመንና አይብ። ከዚህ በላይ ካበዛችሁ እናንተ እንግዶቹን ሳታዩ ነው ድግሱ የሚያልቀው። ክትፎ ይቅር ስንል የተቀየመ ዘመድ አለ። እስካሁን ያነሳዋል።

ዓሣውን ያመጣነው ሐዋሳ ስለሆንን ብቻ አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብዙ ናቸው። ፊት ለፊታችን ያሉት ሐጂ ከነቤተሰባቸው እቴቴን እንደ እህት ነው የሚያዩዋት። እንደምታውቁት ሥጋችን ይለያያል። የተለመደው መንገድ ለእነሱ ለብቻ ማሳረድና በእነሱ ድስት፣ በእነሱ ቤት ማሠራት ነው። ጨዋ ልማድ ነው፣ እኛም ስንኖርበት ኖረናል። ግን የዚያን ቀን ሰዎቹን በአንድ ማዕድ ማየት ፈለግን። ዓሣ ላይ ቢላዋ የያዘው ማን ነው አይባልም። አርብ ዕለት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ አንዱን ዓሣ አጥማጅ አነጋገርኩ። እሁድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ እዚያው ቆሜ 12 ኪሎ የቆሮሶ ፊሌቶ አስመዘንኩ። ልጆቹ ቆዳውን ገፈው አጥንቱን የሚያወጡበትን ፍጥነት ቆማችሁ ብታዩት ይገርማችኋል። አባኮዳና አሞራ እግራችሁ ሥር ሆነው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ገዝታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት፣ የሐይቅ ዳር ሰው ወዲያው ያውቅባችኋል።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ሰው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ነው። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ግማሹን ጠብሼ ጨረስኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀዝቅዞ እንደ ጎማ ይለጠጥ ነበር። የቀረውን ሰው ከተቀመጠ በኋላ፣ ጎመን እየተነሳ እያለ፣ በሎሚና በጨው ያደረውን... ይቅርታ፣ ያደረ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት የቆየውን፣ ዱቄት አስነክቼ በደንብ በጋለ ዘይት ጣልኩት። ከዳጣ ጋር እንደወጣ አለቀ። ሐጂ፣ "የመጀመሪያውን ለማን ነው የሠራኸው?" ብለው ሳቁብኝ።

ዶሮ ወጡ የቅዳሜ ሥራ ነው። ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል፣ እሁድ ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ስድስት የሐበሻ ዶሮ ገዛን፣ አጎቴ ባረከልን። ስድስት ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ሰባ ሁለት ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ብልት አስቡ። ሽንኩርት ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ያስፈልጋል፣ እኛ 13 ኪሎ ከተፍን። እንቁላል አንሶብን ለሁለት እየገመስን ነው ያቀረብነው። እንጀራ 150 አዝዘን ሃያ ተረፈ።

ሽንኩርት ልጠና የመጡት የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ያለቅሱ ነበር። ማን በሽንኩርቱ፣ ማን በእውነት እንደሚያለቅስ አይለይም። እቴቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ "ዛሬ አልቅሳችሁ ጨርሱ፣ ነገ ሽንኩርት የለም" አለቻቸው።

እሷን ከማጀት ለማራቅ ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤት ቀጠሮ ያዝንላት። ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር። እህቴ ይዛት ሄደች። እኔና ሁለት ጎረቤቶች ቁሌቱን ጣድን። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃውን መጠጠ፣ ዘይት ገባ፣ በርበሬ ገባ። ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ የግቢው በር ተከፈተ። እቴቴ ናት። ጭንቅላቷ ላይ ቢጎዲኑ እንዳለ ነው፣ በላዩ ሻሽ ጣል አድርጋለች። "ቁሌቱ ታች መንገድ ድረስ ይሸታል። ሊያርርባችሁ ነው" አለች። ማማሰያውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ድስቱን ከሥር ጀምራ ሦስት ጊዜ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ጫፉን ወደ መዳፏ አስነክታ ቀመሰች። ዝም አለች። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። "በርበሬው ገና ጥሬ ነው። ውሃ ጠብ እያደረግህ አብስለው። ቅቤውን ቶሎ እንዳትጨምር" አለችና ማማሰያውን መልሳ ሰጠችኝ። በሕይወቴ እሷ ማማሰል የጀመረችውን ድስት ለሌላ ሰው አሳልፋ ስትሰጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፀጉር ቤቷ ተመለሰች።

በኋላ ከእህቴ ጋር ስናወራ የገባን ነገር አለ። ሠርታ የኖረችን ሴት "ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ ቁጭ በይ" ማለት ማክበር ይመስላል እንጂ ለእሷ ቅጣት ነው። አንድ ሥራ፣ ቁጭ ብላ የምትሠራውን፣ ለእሷ መተው ይሻላል። ስለዚህ ድፎ ዳቦውን ለእሷ ለቀቅንላት። ማታ ቢጎዲኑ ወጥቶ፣ ፀጉሯ አምሮ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሊጡን አቦካች። ጥቁር አዝሙዱን በጣቶቿ እያሸች በተነችበት። የኮባውን ቅጠል እሳት ላይ ለብለብ አድርጋ አለሳለሰችው፣ እንዳይሰነጠቅ ነው። ምጣዱ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበች አነጠፈችው። እህቴ በስልኳ እየቀረጸች፣ "ዱቄቱ ስንት ነው?" አለቻት። "እጅ እንዳመጣ" አለች እቴቴ። የእሷ ልኬት ይኸው ነው። እህቴ ግን የዱቄቱን ባልዲ ቀድማ መዝናው ኖሯል። ሲያልቅ ደግማ መዘነችው። ለአንዱ ድፎ ሦስት ኪሎ። እንዲህ ነው የሠረቅናት። የምትሸኙት ሰው ባለሙያ ከሆነ ይህን አትለፉት፣ ከሄደ በኋላ በስልክ ስትጠይቁት የሚሰጣችሁ መልስ "እጅ እንዳመጣ" ብቻ ነው።

እሁድ መጣ። የእሁዱን ፕሮግራም በወረቀት ጽፌ ነበር። የልጅነት ፎቶዎቿን በቴሌቪዥን ማሳየት፣ ኬክ መቁረስ፣ ንግግር፣ ምርቃት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ቀረ። ደግነቱ እህቴ ሃያ የሚሆኑትን ፎቶዎች አሳጥባ የልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅላቸው ነበር። ከቴሌቪዥን በብዙ ይሻላል። ሰው ሳህኑን ይዞ እየቆመ፣ "ይቺ እኮ እኔ ነኝ"፣ "ይሄ ልጅ አሁን የት ነው?" ሲባባል ዋለ። ሁለቱ ፎቶዎች ከገመዱ ላይ ጠፍተዋል። ማን እንደወሰዳቸው እንገምታለን፣ አልጠየቅንም።

ኬኩን ከአንድ ኬክ ቤት ነበር ያዘዝነው። "መልካም መንገድ" ብለው እንዲጽፉበት በስልክ ነግሬያቸው ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት "መልካም ልደት" ይላል። እኔ ላቤ ጠብ አለ። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያ እስክታለቅስ ሳቀች። "እሰይ! በስልሳ ሦስት ዓመቴ አንድ ሰው ልደቴን አከበረልኝ።" ልጆቹ ወዲያው "ሐፒ በርዝ ደይ" ጀመሩ። ኬክ የምታዝዙ ሰዎች ጽሑፉን በስልክ አትናገሩ፣ ጽፋችሁ ላኩ፣ ስትረከቡም ክፈቱት።

ከሁሉም የተሳካልን ነገር ምንም ገንዘብ አልወጣበትም። ረከቦቱ አጠገብ የእቴቴን ወንበር አደረግን። ከጎኑ ሌላ ባዶ ወንበር አስቀመጥን። የሚመጣው ሰው ተራ በተራ እዚያ ይቀመጣል። በቃ። ብዙ ሽኝት ላይ ተሸኚው ቆሞ ሲያስተናግድ ወይ ፎቶ ሲነሳ ነው የሚውለው፣ ከማንም ጋር ሳያወራ ይሄዳል። እዚህ ግን ከአቦል እስከ በረካ ያ ባዶ ወንበር ባዶ ሆኖ አልዋለም። ጎረቤታችን የሆኑት የሲዳማ እናት ቡርሳሜ፣ የቆጮና የቅቤውን ምግብ፣ በሻፌታ፣ በሸክላው ዕቃ፣ ሠርተው ነው የመጡት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁለቱ በሲዳምኛ ማውራት ጀመሩ። እቴቴ ሲዳምኛዋ የገበያ ነው፣ ብዙም አይደለም። ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። ሻፌታውን መሐላቸው አድርገው ከአንድ ቦታ ሲበሉ ማንም አላቋረጣቸውም። ሌላው ሰው ተራውን ትቶ ቆሞ ጠበቀ።

ንግግር ለሦስት ሰው ብቻ ብለን ነበር። አሥራ አንድ ሰው ተናገረ። ስለ እቴቴ የጀመሩት አንድ ዘመዳችን ስለ ኑሮ ውድነት ጨረሱ። ይህን ለመቆጣጠር መላ የለኝም። ምርቃቱን ግን ለአንድ ትልቅ ሰው ቀድማችሁ ንገሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር ተነሥተው፣ "እግርሽን እንቅፋት አይምታው። የሄድሽበት ይቅናሽ። ተመልሰሽ ይህን ግቢ ለማየት ያብቃሽ" ሲሉ ሐጂም ቀሳውስቱም እኩል "አሜን" አሉ። ልቅሶ የተነሣው እዚያ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም አልቆየም፣ ሦስተኛው ቡና ተጠራ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። አደራ።

አሜሪካ የሚሄድ ሰው አለ ከተባለ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሁሉ ይመጣል። የእቴቴ ትኬት ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በድምሩ 46 ኪሎ ነው። እሁድ ማታ እንግዳው ሲወጣ ሳሎናችን ውስጥ የቀረውን አደራ መዘንኩት። ሠላሳ አንድ ኪሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ ቡና፣ ሁለት ጀበና፣ አንድ ጋቢ። እሷ የራሷን ልብስ ገና አልከተተችም። "ሰው አምኖ የሰጠኝን እንዴት እመልሳለሁ?" ብላ ልብሷን ልትተው ተነሣች።

እኔና እህቴ ሰኞ ቀኑን ሙሉ የበላን ይህ ነው። የሻንጣ ሚዛን ተዋስን፣ ደብተር አወጣን፣ ለአንድ ቤት ግማሽ ኪሎ ብለን ወሰንን። ቋንጣው በሙሉ ቀረ፣ አሜሪካ ሥጋ ይዞ መግባት አይፈቀድም። የተቆላ ቡና ችግር የለበትም። ግን ቡናውንም ጨምሮ የሚበላ ነገር ሁሉ ሲደረስ ለጉምሩክ መነገር አለበት፣ መደበቅ ያስቀጣል። እቴቴ የምታሳየውን ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፈን ከፓስፖርቷ ጋር አያያዝንላት። በርበሬና ሽሮ ደግሞ በእጅ ቦርሳ አታድርጉ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ዱቄት በእጅ ከያዛችሁ ለብቻው ይፈተሻል፣ ሊያስጥሏችሁም ይችላሉ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ይሂድ።

የተሰፋና የታሸገ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ ባለበት ተከፍቶ ታየ። አንዲት ጎረቤት በዚህ ተቀይማናለች። "እኔን አላመናችሁኝም?" አለች። ውስጡ የተገኘው የሕፃን ካልሲ ነው። አፈርኩ። ግን ዳግመኛ ቢሆንም እከፍተዋለሁ፣ አየር ማረፊያ ላይ "ሻንጣውን ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ?" ተብላ የምትጠየቀው እቴቴ ናት። እኛ ያጠፋነው ቀድመን አለመናገራችን ነው። ስትጠሩ፣ "ለአደራ ቦታ የለንም፣ ደብዳቤና ፎቶ ብቻ" ብላችሁ ንገሩ። ያን ጊዜ ማንም አይቀየምም።

ሰው በፖስታም በእጅም ብር ሲሰጣት ውሏል፣ "ለመንገድሽ" እያለ። ብር ይዞ ከአገር መውጣት ገደብ ስላለው ይዛው ልትሄድ አትችልም። ማክሰኞ ማታ ቆጠረችውና ለእህቴ ሰጠቻት። "የእድሬን መዋጮ በዚህ ክፈሉልኝ። ስሜ እንዳይሠረዝ" አለች። እህቴ በየወሩ ትከፍላለች። ደረሰኙን ፎቶ አንሥታ ትልክላታለች።

ረቡዕ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን በሻሸመኔ አድርገን ወጣን። ሻንጣዎቹ ከማክሰኞ ጀምረው ተዘግተው በር ሥር ቆመው ነበር። ማንም ምንም አልረሳም። ቦሌ በር ላይ ብዙም አላለቀስንም፣ እሁድ ላይ ተጨርሶ ነበር መሰለኝ።

አርብ ማታ ስልክ ተደወለ። ደርሳለች። የልጇ ቤት ይሞቃል፣ ውጭው በረዶ ነው፣ ጉምሩኩ ሽሮውን ከፍቶ አሽትቶ አሳልፎታል። እህቴ ስለ በረራው ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት እቴቴ ቀደመቻት።

"የእድሩን ብረት ድስት መለሳችሁ?"

አልመለስንም ነበር። ማጀት ውስጥ፣ ሥሩ ገና ፈትጌ ያልጨረስኩት ጥላሸት እንዳለበት ተቀምጧል። ስልኩን ሳልዘጋ ተነሥቼ መፈተግ ጀመርኩ።